ዓይን ባዶ ቦታ ላይ ምን ይፈልጋል? ለወጣት የሥነ ልቦና ተማሪዎች

ስለ ትኩረት መማር ስትጀምሩ መጀመሪያ የሚነገራችሁ ዓይን በብርሃን፣ በቀለምና በእንቅስቃሴ እንደሚሳብ ነው። ይህ እውነት ቢሆንም፣ ዓይን ጊዜንና ትዝታን በአእምሯችን ወዳስቀመጥንበት አቅጣጫም እንደሚሄድ ካላስተዋላችሁ የጉዳዩ ግማሽ ያመልጣችኋል።

ኤድዋርዶ ቢዝያክና ክላውድዮ ሉዛቲ በ1978 ያሳተሙትን ጥናት ደጋግማችሁ አንብቡ። የአንጎላቸው ቀኝ ክፍል በመጎዳቱ በስተግራቸው ያለውን የማያስተውሉ ሁለት ሕሙማን፣ አሳምረው የሚያውቁትን የሚላኖ ካቴድራል አደባባይ በቃላቸው እንዲገልጹ ተጠየቁ። ፊታቸውን ወደ ካቴድራሉ አዙረው እንደቆሙ ሲያስቡ በቀኝ በኩል ያለውን ጠርተው የግራውን ዘለሉ፤ ከካቴድራሉ ደጃፍ ወደ አደባባዩ እንደሚያዩ ሲያስቡ ደግሞ ቀድሞ የዘለሉትን ጠርተው የጠሩትን ተዉት። አጥኚዎቹ ችግሩን የአእምሯዊ ምስሉ ጉድለት አድርገው ተረጎሙት፤ እኔ ግን ወደ ግራ መዞር ያቃተው የውስጥ ትኩረት ነው ወደሚሉት አደላለሁ።

ጊዜም እንዲሁ አቅጣጫ አለው። ባርባራ ትቨርስኪና ባልደረቦቿ በ1991 ባሳተሙት ጥናት ልጆች የቁርስን፣ የምሳንና የእራትን ሰዓት የሚወክሉ ምልክቶችን ወረቀት ላይ እንዲለጥፉ ሲጠየቁ፣ እንግሊዝኛ ተናጋሪዎቹ ከግራ ወደ ቀኝ፣ ዓረብኛ ተናጋሪዎቹ ደግሞ በብዛት ከቀኝ ወደ ግራ ደረደሩ። ከግራ ወደ ቀኝ የሚያነብ ሰው ያለፈን ጊዜ የሚያመለክት ቃል ካየ በኋላ በስተግራው ለሚታይ ነገር ምላሽ ለመስጠት ሊፈጥን እንደሚችልም ታይቷል። ሆኖም ይህን ግኝት አታጋንኑት፤ ተሳታፊው ስለ ጊዜ እንዲያስብ ካልተጠየቀ ውጤቱ አብዛኛውን ጊዜ ይደክማል ወይም ይጠፋል። የተሳታፊዎቻችሁን የንባብ አቅጣጫ ሳትመዘግቡ ሙከራ አትጀምሩ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስደንቀኝ ግን ባዶ ቦታን ማየት ነው። ዳንኤል ሪቻርድሰንና ማይክል ስፒቪ በ2000 እንዳሳዩት፣ አንድን መረጃ ከአራት በተከፈለ ስክሪን አንዱ ክፍል እየተመለከቱ የሰሙ ሰዎች ኋላ ሲጠየቁ፣ ምንም ወደሌለበት ወደዚያው ክፍል ይመለከታሉ። በ2014 ደግሞ ሮጀርና ሚካኤል ዮሐንሰን፣ ዓይን ነገሩ ወደነበረበት ቦታ እንዲያይ ሲደረግ ማስታወስ እንደሚቀል አሳይተዋል። ስለዚህ ቃለ መጠይቅ የምታደርጉለት ሰው ፊቱን ከእናንተ መልሶ ግድግዳውን ቢያይ ቸል አለኝ ወይም ዋሸኝ ብላችሁ አትፍረዱ፤ ወደ እኔ ተመልከት ብላችሁም አታቋርጡት፤ የት እንዳየ መዝግባችሁ እስኪጨርስ ጠብቁት።