ኮቱ ወይስ ላቡ?

ጥያቄ፦ አዳማ ውስጥ ደንበኛ አስተናጋጅ ነኝ። አለቃዬ ኮት ካልለበስሽ ትለኛለች። ከባጃጅ ሳልወርድ ግን ጀርባዬ በላብ ርሷል። ቤት ደግሞ በቢጃማ ስለምውል እናቴ እንግዳ ሲመጣ ታፍርብኛለች። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥፋቱ የኮቱ ሳይሆን የገበሩ ይመስለኛል። ገልብጪና እዪው፤ ፖሊስተር ከሆነ ላብ አይመጥም፣ እንደ ላስቲክ ሰውነትሽ ላይ ይለጠፋል። ልብስ ሰፊ ጋ ውሰጂውና የጀርባውን ገበር አስወጪው፣ ትከሻና እጅጌው ላይ ያለው እንዳለ ይቆይ። ከውስጥ ጥጥ ልበሺ። ግራጫ ላብን ያጋልጣል፣ ነጭ ይሻላል። ባጃጅ ውስጥ ደግሞ ኮቱን አውልቂው፤ የአዳማ አቧራ ላብ ካገኘ ጭቃ ነው! ለቤቱ አንድ የጥጥ ቀሚስ ከበሩ ጀርባ ስቀይ፣ ሲንኳኳ ከላይ ጣል ነው። ቢጃማውን እንኳ እኔም አልተውኩትም።