«ዲቫ» ውዳሴ ነው ወይስ ነቀፌታ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ በአንድ ጋዜጣ የመዝናኛ ገጽ ላይ «ዲቫዋ ወደ መድረክ ተመለሰች» የሚል ርእስ አነበብኩ። እኔ አክብረው የጻፉላት መሰለኝ፤ ታናሽ እህቴ ግን «ሞልቃቃ ማለታቸው ነው» ብላ ሞገተችኝ። ቃሉ ከየት መጣ? ማናችን ነን ትክክል?

መልስ፦ ቃሉ ሁለቱንም ፍቺ ይዟል፤ በዚህ ርእስ ላይ ግን ለእርስዎ እፈርዳለሁ።

«ዲቫ» ከላቲን የወረደ የጣሊያንኛ ቃል ነው፤ የጥንት ፍቺው «እንስት አምላክ» ነው። ጣሊያናዊው የሙዚቃ ደራሲ ቤሊኒ በ1831 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ሚላን ላይ ለመድረክ ባበቃው «ኖርማ» በተሰኘው ኦፔራ (በዘፈን የሚቀርብ ድራማ)፣ ካህኗ «ካስታ ዲቫ» እያለች ትማጸናለች። «ንጽሕት አምላክ» እያለች የምትጠራው ጨረቃን ነው። በዚያው በኦፔራው ዓለም ስሙ ከሰማይ ወርዶ ለዘፋኟ ተሰጠ። ዝነኛዋን የኦፔራ ዘፋኝ ማሪያ ካላስንም አድናቂዎቿ «ላ ዲቪና»፣ መለኮታዊቷ፣ ይሏት ነበር። እህትዎ ያሉት ፍቺ ኋላ የተጨመረ ነው፤ እንደ አምላክ የተወደሰች ሴት ትመጻደቃለች፣ ሁሉም ይታዘዘኝ ትላለች ከሚል ግምት የመጣ። ለዚያ ደግሞ «ሞልቃቃ» ይበቃናል፤ ቃል መዋስ አያስፈልገንም።

እኔን ይበልጥ የሚያስደስተኝ የ«ዲቫ» ጎረቤት የሆነው «ፕሪማ ዶና» ነው። በኦፔራ ዋናውን የሴት ድርሻ የምትዘፍነው የምትጠራበት ነው። «ፕሪማ» ቀዳሚት ማለት ነው። «ዶና» የመጣው «ዶሚና» ከሚለው የላቲን ቃል ሲሆን፣ እርሱም «ዶሙስ» ከሚለው፣ ማለትም ከ«ቤት» ጋር ይዛመዳል። አሁን የእኛን «እመቤት» ፈታ አድርገው ይዩት፦ እመ ቤት፣ የቤት እናት። በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ የዘፈነችውን ብዙነሽ በቀለን የኢትዮጵያ ሙዚቃ «ቀዳማዊት እመቤት» የሚሏት ብዙዎች ናቸው። ይህ ስም ቃል በቃል «ፕሪማ ዶና» ነው! ሮም «ቤት» ካለው ቃል የወይዘሮዋን ክብር አወጣች፤ ግዕዝም እንዲሁ። ስለዚህ ጋዜጠኛ ብሆን ኖሮ ለአንጋፋ ድምፃዊት «ዲቫ» ከማለት «ቀዳማዊት እመቤት»ን እመርጥ ነበር።

«ዲቫ»ን መጻፍ ካስፈለገ በ«ቫ» ይጻፉት። ግዕዝ ድምፁ ስለሌለው ፊደሉ «በ» ላይ ሰረዝ ታክሎ ለውጭ ቃላት የተበጀ ነው። ሲበዛ «ዲቫዎች» ይሆናል፤ ጣሊያኖች ወንዱን «ዲቮ» ይሉታል።

ወደ ክርክራችሁ ልመለስ። ጋዜጣው «ወደ መድረክ ተመለሰች» ያለው መመለሷን የምሥራች አድርጎ ስለሆነ፣ «ዲቫዋ» የክብር ስሟ ነው። «ዲቫነቷ አዘጋጆቹን አስመረራቸው» ብሎ ቢሆን ኖሮ ለእህትዎ እፈርድ ነበር።