ከደመወዙ በፊት የድርጅቱን ጎረቤቶች ጠይቂ

ዘንድሮ በሶፍትዌር ምህንድስና የተመረቀች ወጣት እንዲህ ስትል ጽፋልኛለች፦ «ሁለት ድርጅቶች ሊቀጥሩኝ ፈቅደዋል። አንደኛው ጎሮ በሚገኘው፣ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች በተሰባሰቡበት የአይሲቲ ፓርክ ውስጥ ያለ አነስተኛ ድርጅት ነው። ሁለተኛው መሃል ከተማ ነው፤ ደመወዙም ይበልጣል። የምኖረው ጉለሌ ነው። አንድ ድርጅት ከከተማው እምብርት ርቆ ፓርክ ውስጥ የሚገባው ለምንድን ነው? ለእኔስ የሚያመጣው ለውጥ አለ?»

ልጄ፣ ብዙ ተመራቂዎች የሚጠይቁኝ ስለ ደመወዝ ብቻ ነው። አንቺ አሠሪሽ ለምን እንደዚያ እንደወሰነ ለማወቅ መፈለግሽ በጣም ደስ አሰኝቶኛል።

ድርጅቶች እንዲህ ወዳለ ቦታ የሚሄዱት ከሁሉ በላይ ሰው ፍለጋ ነው። የታይዋኑን የሲንቹ ሳይንስ ፓርክ ተመልከቺ። እ.ኤ.አ. በ1980 ሲከፈት ሁለት ስመ ጥር ዩኒቨርሲቲዎችና የመንግሥት የኢንዱስትሪ ቴክኖሎጂ ምርምር ተቋም በአቅራቢያው ነበሩ። የኮምፒውተርና የስልክ ቺፕ አምራቾቹ ዩኤምሲ በዚያው ዓመት፣ ቲኤስኤምሲ ደግሞ በ1987 ከዚሁ የምርምር ተቋም ወጥተው ተመሠረቱ። በዓለም እጅግ የረቀቁ ቺፖችን የሚያመርተው ቲኤስኤምሲ ዋና መሥሪያ ቤቱ ዛሬም እዚያው ነው። አሠሪው የሠለጠነ ባለሙያ ከደጁ ያገኛል፤ መሐንዲሱም ሥራ ቢቀይር ቤት መቀየር፣ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ማስወጣት አይጠበቅበትም። እኔ ለአንቺ ከሁሉ የሚበልጥብኝ ይህ ሁለተኛው ጥቅም ነው። የመጀመሪያ ሥራሽ የመጨረሻሽ አይሆንምና፣ ቀጣዩን አሠሪሽን በየቀኑ የምታልፊው ኮሪደር ላይ ልትተዋወቂው ትችያለሽ።

ሌላው ምክንያት ስም ነው። በእንግሊዝ የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ አካል የሆነው ትሪኒቲ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1970 ባቋቋመው የካምብሪጅ ሳይንስ ፓርክ አድራሻ ያለው ጀማሪ ድርጅት ደንበኛም ሆነ ባለሀብት ፊት ቀለል ብሎ ይታመናል። ስም ግን በራሱ ዕውቀት አይሆንም። በብሪታንያ ፓርኮች ላይ የተካሄዱ ጥናቶች ከዩኒቨርሲቲ አጠገብ መቀመጥ ብቻውን የምርምር ትብብር እንደማያስገኝ አሳይተዋል። በአስተማማኝ መብራት፣ በፈጣን ኢንተርኔት ወይም በታክስ እፎይታ ተስበው የሚገቡም አሉ፤ ይህ ለባለቤቱ ይጠቅማል፣ ለአንቺ ሙያ የሚጨምረው ግን ጥቂት ነው።

ስለዚህ ውል ከመፈረምሽ በፊት አሠሪውን በቀጥታ ጠይቂው። ከጎረቤት ድርጅቶች ከየትኞቹ ጋር አብራችሁ ትሠራላችሁ? ከእነርሱ ወደ እናንተ የመጣ፣ ከእናንተም ወደ እነርሱ የሄደ ባለሙያ አለ? አንድ ቀን ደግሞ በምሳ ሰዓት ሂጂና የተለያየ ድርጅት ሠራተኞች በአንድ ማዕድ ይቀመጡ እንደሆነ በዓይንሽ እዪ።

መልሱ በተጨባጭ ሥራ የተደገፈ ከሆነ፣ እኔ በአንቺ ቦታ ብሆን ዝቅተኛውን ደመወዝ ለሁለት ዓመት እቀበል ነበር። የሚነግሩሽ ስለ ሕንፃው ውበትና ስለ ጥበቃው ብቻ ከሆነ ግን መሃል ከተማውን ምረጪ። ከጉለሌ ጎሮ መመላለስ ጊዜም ገንዘብም ይበላልና፣ የወር ትራንስፖርትሽን ከደመወዙ ላይ ቀንሰሽ ሁለቱን አወዳድሪ። ምን እንደመለሱልሽ ጻፊልኝ፤ ውሉንም አብረን እናነበዋለን።