«ፍኖት ከዋክብቶች» ወይስ «ፍኖተ ከዋክብት»?

ጥያቄ፦ በፍኖተ ሰላም የፊዚክስ መምህር ነኝ። ተማሪዎቼ ከሌሎች ትምህርት ቤቶች ጋር በኢንተርኔት ለሚያካሂዱት የሥነ ፈለክ ፕሮጀክት «ኮከብ ቆጠራ»፣ «ባሕረ ሐሳብ» እና «ፍኖት ከዋክብቶች» የሚሉ ስሞችን አቅርበዋል። የትኛው ይሻላል? ለሦስቱ ንዑስ ቡድኖችስ ምን ዓይነት ስም ይስማማል?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ «ኮከብ ቆጠራ» የሚለውን ከወዲሁ ቢተዉት እመክራለሁ። ቃሉ በሕዝቡ ዘንድ የጸና ትርጉም አለው፤ የሰውየውና የእናቱ ስም ፊደላት ተቆጥረው፣ ድምሩ ለ12 ተካፍሎ በቀሪው ዕጣ ፈንታ የሚነገርበትን ጥንቆላ ነክ ልማድ ያመለክታል። ልጆቹ በቴሌስኮፕ አይተው የመዘገቡትን ውጤት በዚህ ስም ቢያወጡት፣ ገና ሳይነበብ ሌላ ነገር ይመስላል።

«ባሕረ ሐሳብ» ግን የተከበረ ስም ነው፤ የጎጃም የአብነት ትምህርት ቤቶችም ጠብቀው ያቆዩት ዕውቀት ነው። ይሁን እንጂ የራሱ ባለቤትነት ያለው ትምህርት ነው። በ19 ዓመት የጨረቃ ዑደት ላይ ተመሥርቶ፣ አበቅቴና መጥቅዕ የተባሉትን፣ ድምራቸው ዘወትር 30 የሚሆን ሁለት ቁጥሮች አውጥቶ የበዓላትንና የአጽዋማትን ቀን ይወስናል። የፕላኔቶችን ምልከታ በዚህ ስም መጥራት ሁለቱንም ያደበዝዛል፤ ከፕሮጀክቱ ክፍሎች አንዱ ስለ ዘመን አቆጣጠር ከሆነ ግን ለዚያ ክፍል ከዚህ የተሻለ ስም አይገኝለትም።

ሦስተኛው ሐሳቡ ያማረ ሆኖ ሳለ በአጻጻፉ ሁለት ግድፈት አለበት። በግእዝ ሥርዓት አንድ ስም ሌላውን ሲያስከትል የመጀመሪያው ቃል የመጨረሻ ፊደል ወደ ግዕዝ፣ ማለትም ወደ መጀመሪያው የፊደል ረድፍ (እንደ «ተ») ስለሚለወጥ «ፍኖት» «ፍኖተ» ይሆናል፤ የከተማችሁን ስም «ፍኖት ሰላም» ብሎ የሚጽፍ የለም። «ከዋክብት» ደግሞ ራሱ የ«ኮከብ» ብዙ ቁጥር ስለሆነ፣ በንግግር ቢሰማም፣ «-ኦች» አያሻውም። ስለዚህ «ፍኖተ ከዋክብት» ይበሉት። የምንኖርበት ጋላክሲ «ፍኖተ ሐሊብ» (የወተት መንገድ) መባሉን ለሚያውቅ አንባቢ ዝምድናው ወዲያው ይታየዋል፤ ከየት እንደመጣም ይገባዋል። እኔ የምመርጠው ይህንኑ ነው።

ለንዑስ ቡድኖቹ ደግሞ እርስ በርሳቸው የሚዛመዱ ስሞችን ይምረጡ። በ2019 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ዓለም አቀፉ የሥነ ፈለክ ኅብረት አገሮችን ስም እንዲያወጡ በጋበዘ ጊዜ፣ ለኢትዮጵያ የደረሰው ኤችዲ 16175 የተባለ ኮከብ «ቡና»፣ የሚዞረው ፕላኔት ደግሞ «አቦል» ተብሏል። አቦል ያለ ቡና እንደማይነገር ሁሉ ፕላኔቱም ከኮከቡ ተለይቶ አይታሰብም፤ ስሞቹ ዝምድናውን ራሳቸው ይናገራሉ፣ ይህም እጅግ ደስ የሚያሰኝ ምርጫ ነው። እናንተም ውኃቸው ዓባይ ከሚደርሰው የጎጃም ወንዞች ብር፣ ተምጫ እና ጨሞጋ ብትሉ፣ ሦስቱም የአንድ ሥራ ገባሮች መሆናቸው ይታወቃል።

ስለ ፊደል አንድ ነገር ልጨምር። ለኮምፒውተር «ሥ» እና «ስ»፣ «ሐ» እና «ሀ» የተለያዩ ፊደላት ስለሆኑ፣ በገጹ መግለጫ ውስጥ «ሥነ ፈለክ» ከሚለው ጋር «ስነ ፈለክ» የሚለውንም አስገቡ፤ ፈላጊው በየትኛውም ቢጽፍ ያገኛችኋል። በላቲን ፊደል ሲጻፍ «ጨ» ከ«ቸ» ጋር ሊምታታ ስለሚችል፣ የቡድኖቹ ስም በገጹ ላይ በግእዝ ፊደል ቢቀመጥ ይመረጣል።