ሕዋሱ የት እንደነበር ጠይቁ

ልጆቼ፣ ባዮሎጂ ወይም ኮምፒውተር ተምራችሁ ወደ ጂኖሚክስ፣ ማለትም የሕዋስን ዲኤንኤ በጠቅላላ ወደሚያጠናው ሙያ፣ ልትገቡ ላሰባችሁ ነው የምጽፈው። የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት ኅብረ ሕዋስ በስሱ እየቆረጥኩ፣ ቀለም እየቀባሁ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ አጎንብሼ ነው። ከዚያ ወንበር ሆኜ የምላችሁ፣ የሕዋስን ቦታ እንደ ቀላል ነገር አትዩት ነው።

የቆዳችሁና የጉበታችሁ ሕዋስ የተሸከመው ዲኤንኤ አንድ ነው። የሚለያዩት የትኛው ክፍል ክፍት ሆኖ ይነበባል፣ የትኛውስ ተጠቅልሎ ይዘጋል በሚለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ከስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ የወጣው አታክ-ሴክ የሚባል ዘዴ ክፍቱን ክፍል ለይቶ ማሳየት ቻለ። ቲኤን5 የሚባል ኢንዛይም ክፍት ዲኤንኤ ሲያገኝ ገብቶ ምልክት ይተክላል። ግን ሕዋሳቱ ከኅብረ ሕዋሱ ተፈልቅቀው መውጣት ነበረባቸው። ከወጡ በኋላ ማን ከማን ጎን እንደነበር አይታወቅም። ለእኔ ደግሞ ቁም ነገሩ ጉርብትናው ላይ ነው። ዕጢን ያየ ሰው ይገባዋል፤ ጠርዙ ላይ ያለው ሕዋስና መሃሉ ላይ ያለው አንድ ዓይነት ኑሮ አይኖሩም።

እ.ኤ.አ. በ2022 የዬል ዩኒቨርሲቲው ሮንግ ፋን ቡድን ከስዊድኑ ካሮሊንስካ ተቋም ተመራማሪዎች ጋር ስፓሻል አታክ-ሴክን፣ ማለትም የሕዋሱን ቦታ ጠብቆ የሚሠራውን አታክ-ሴክ፣ ኔቸር በሚባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ አወጣ። አሠራሩን ልብ ብላችሁ እዩት። ስሱ ቁራጭ ስላይዱ ላይ እንዳለ ኢንዛይሙ ይገባበታል። ከዚያ ከፀጉር የቀጠኑ 50 ቦዮች ያሉት ቺፕ ይጫንበታል። በየቦዩ የተለያየ የዲኤንኤ ባርኮድ፣ ማለትም እንደ መለያ ቁጥር የሚያገለግል አጭር ዲኤንኤ፣ ይፈሳል። ቺፑ ይነሳና ቦዮቹ የመጀመሪያዎቹን የሚያቋርጡ ሌላ ቺፕ ይተካል። ልክ እንደ ሸማኔ ድርና ማግ ነው፤ በተገናኙበት ነጥብ ሁሉ የሁለት ባርኮድ ጥምረት ይቀራል። 2,500 ነጥብ፣ እያንዳንዱ የራሱ አድራሻ አለው። የሰው ቶንሲል ላይ ሲሠሩት፣ በፎሊክሎቹ (የመከላከያ ሕዋሳት በክብ በክቡ በሚሰባሰቡባቸው ስፍራዎች) ውስጥና ከፎሊክሎቹ ውጪ ያሉት የመከላከያ ሕዋሳት በየቦታቸው ተለይተው ወጡ። እኛ ቀለም ቀብተን የምናየው አቀማመጥ፣ አሁን ከጂን መቆጣጠሪያው ጋር አብሮ መጣ። ደስታዬን መደበቅ አልችልም።

ካርታው ሲያምር ግን አትቸኩሉ። 20 ማይክሮሜትር ስፋት ያለው ነጥብ ከአንድ በላይ ሕዋስ ሊይዝ ይችላል፤ ነጥቡን ሕዋስ ብላችሁ አትጥሩት። ምልክት ያልተገኘበት ጂን ሁሉ ተዘግቷል ማለትም አይደለም፤ ከዚያ ነጥብ የተነበበው ዲኤንኤ አንሶ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉም በፊት ደግሞ ናሙናው አለ። ከታካሚው ወጥቶ ክፍል ውስጥ ሲንቃቃ የዋለ፣ ወይም ናሙና እንዳይበሰብስ በሚነከርበት ፎርማሊን ውስጥ ከልክ በላይ የከረመ ናሙና ዲኤንኤው ይጎዳል። ያንን የትኛውም የኮምፒውተር ኮድ አይጠግነውም። ናሙና የሚያዘጋጁትን ቴክኒሻኖች ጠጋ ብላችሁ ጠይቁ፤ ምን እንደደረሰበት የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

መሣሪያው አጠገባችሁ ባይኖርም አትቀመጡ። የዚህ ጥናት ዳታ ጂኢኦ በሚባለው የአሜሪካ ማከማቻ በነፃ ይገኛል። አውርዱትና ተለማመዱበት። ኮዱን ከማስኬዳችሁ በፊት ግን የኅብረ ሕዋሱን ፎቶ ክፈቱና፣ የምታውቁት ፓቶሎጂስት (ኅብረ ሕዋስ አይቶ በሽታ የሚለይ ሐኪም) ካለ አጠገባችሁ አስቀምጣችሁ እየጠቆማችሁ ጠይቁት።