የድሮ የሙዚቃ ዲስክ ላይ ፋይል ይቀመጣል ወይ? ጥያቄና መልስ

አሮጌ የሙዚቃ ዲስኮችን ለኮምፒውተር ፋይል ስለመጠቀም ያላችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር። ከመጡት መካከል እነዚህን ልመልስ።

ጥያቄ፦ «ለሙዚቃ» የሚል የተጻፈባቸው ባዶ ሲዲዎች አሉኝ። ኮምፒውተር ይቀበላቸዋል?

በደንብ ይቀበላል። ከተራው ሲዲ-አር (አንዴ ብቻ የሚጻፍበት ባዶ ሲዲ) የሚለዩት ፋብሪካ ላይ በተቀመጠባቸው መለያ ኮድ ነው። ኮዱን የሚፈልገው ቤት ውስጥ ከቴፕ ጋር የሚገጠመው የሙዚቃ መቅጃ ነው፤ ኮዱ የሌለውን ዲስክ አልቀዳም ይላል። ኮምፒውተር ግን ደንታ የለውም። የእነዚህ ዲስኮች ዋጋ ይወደድ የነበረውም በአንዳንድ አገሮች ለሙዚቃ ባለመብቶች የሚሄድ ክፍያ ስለሚታከልባቸው እንጂ በጥራት በልጠው አይደለም።

ጥያቄ፦ ላዩ ላይ 80 ደቂቃ ይላል። በሜጋባይት ስንት ይሆናል?

700 ገደማ። የ74 ደቂቃው 650 ነው። በነገራችን ላይ፣ እዚያው ዲስክ ላይ ሙዚቃ ከፋይል የበለጠ ቦታ ያገኛል። ዲስኩ በትንንሽ ክፍሎች የተከፋፈለ ነው። ዘፈን ሲቀዳ ከእያንዳንዱ ክፍል 2352 ባይት ለድምፅ ይውላል፤ ፋይል ሲሆን ግን 2048 ብቻ ነው። ከቀሪው አብዛኛው ለስህተት ማረሚያ ይሄዳል። ዘፈን ላይ ትንሽ ነገር ብትጎድል ማጫወቻው ገምቶ ይሞላታል፤ ጆሮም ላያውቅ ይችላል። ዚፕ ፋይል (ተጨምቆ የታሸገ ፋይል) ውስጥ ግን ግምት አይሠራም። አንዲት ቢት ከተሳሳተች ፋይሉ አልከፈትም ሊል ይችላል።

ጥያቄ፦ ዘፈን ያለበትን አጥፍቼ ብጠቀምስ?

ሲዲ-አር ከሆነ እርሳው። ሌዘሩ ዲስኩ ውስጥ ያለውን ቀለም አንዴ ከለወጠው መመለሻ የለውም። ዲስኩ ሳይዘጋ (ሌላ እንዳይጨመርበት ሳይደረግ) ከቀረና ቦታ ከተረፈው ግን ፋይሎቹን በሌላ ዙር መጨመር ይቻላል። ሲዲ-አርደብሊው ከሆነ ይጠፋል፤ ወደ 1000 ጊዜ ያህል እንዲጻፍበት ታስቦ የተሠራ ነው። ልብ በል፣ «ፈጣን ማጥፋት» የሚነካው ማውጫውን ብቻ ነው፤ ይዘቱ እዚያው ይቀራል። የግል ነገር ካለበት ሙሉውን አጥፋ።

ጥያቄ፦ ሚኒዲስክስ? አንድ ካርቶን ሙሉ አለኝ።

ይህን ጥያቄ ወደድኩት! ሚኒዲስክ ማለት በፕላስቲክ ቤት ውስጥ ያለ ትንሽ የሶኒ የሙዚቃ ዲስክ ነው። መልሱ በእጅሽ ባለው መሣሪያ ይወሰናል። ተራ ሚኒዲስክ መቅጃ ሙዚቃ እንጂ ፋይል አያስቀምጥም፤ ኔት ኤምዲ የሚባለው በዩኤስቢ ቢገናኝም ያው ነው። የሚያስፈልግሽ ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው ሃይ-ኤምዲ የሚባለው መቅጃ ነው። እሱ የድሮውን የ80 ደቂቃ ዲስክ ፎርማት አድርጎ 305 ሜጋባይት ያወጣለታል። ኮምፒውተሩም እንደ ፍላሽ ያየዋል። ፎርማት ሲደረግ ግን ያለበት ዘፈን ይጠፋል፤ የድሮ ማጫወቻዎችም ከዚያ በኋላ አያነቡትም። ስለዚህ ሌላ ቅጂ የሌለው ድምፅ ካለ አስቀድመሽ አውጪው። ዘፈን ተቀድቶበት ከሱቅ የተገዛው ዓይነት ደግሞ ጭራሽ አይጻፍበትም።

ሚኒዲስክ በሌዘር እየሞቀ በማግኔት ነው የሚጻፍበት። ለዚህ ነው ደጋግሞ መጻፍ የማያደክመው። ዲስኩ ሳይሆን መሣሪያው ነው የሚያሳስበኝ። ሶኒ የሃይ-ኤምዲ ማጫወቻውን እ.ኤ.አ. በ2011 አቁሟል፤ ባዶ ዲስኮቹንም እ.ኤ.አ. በ2025 አቆመ። መሣሪያው ከተበላሸ ፋይልሽ ከነዲስኩ ተቆልፎ ይቀራል።

ጥያቄ፦ የልጆቼን ፎቶ ላስቀምጥበት ነው። ይታመናል?

ለሁለተኛ ወይም ለሦስተኛ ቅጂ፣ አዎ። ለብቸኛ ቅጂ ግን በጭራሽ! ባዶ ሲዲ-አርም ቢሆን ቀለሙ በሙቀትና በብርሃን ያረጃል። ፋይሎቹን ዲስኩ ላይ ከጻፉ በኋላ ፕሮግራሙ ከዋናው ጋር እንዲያመሳክር ያድርጉ። ያን ጊዜ ስህተት ካሳየ ዲስኩን ይጣሉት።

ጥያቄ፦ ላዩ ላይ በምን ልጻፍ?

ለሲዲ በተሠራ ለስላሳ ማርከር። እስክሪብቶ አይሆንም፤ የሚያንጸባርቀው ንጣፍ ያለው እዚያው ከምትጽፍበት ገጽ ሥር ነው፣ የሚሸፍነውም ስስ ቫርኒሽ ብቻ ነው። ወረቀትም አትለጥፍበት፤ ዲስኩ ሲሽከረከር ሚዛኑን ያሳጣዋል።