«ኦኬ» ብቻ ብላ የምትመልስ አለቃ አለችኝ ላልከው ልጅ

አቦ ወንድሜ፣ መልቀቂያ ለማስገባት አትቸኩል። ያልከኝን ላሳጥረውና፣ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር ቁጭ ብለህ ናይሮቢ ላለ ድርጅት በሪሞት ከስተመር ሰፖርት ትሰራለህ፣ በአካል ያየኸው ባልደረባ የለም፣ ሱፐርቫይዘርህ ሪፖርት ስትልክላት «ኦኬ» ብቻ ትላለች፣ አንዳንዴ አይታ ዝም፣ አንተ ደሞ ጠልታኛለች ብለህ ስትገላበጥ ታድራለህ።

የላክልኝን ስክሪንሾት አየሁት፣ ጥላቻ ምናምን አላገኘሁበትም። ቢሮ ቢሆን ፊቷን ታይ ነበር፣ ቻት ላይ ግን ፊትም ድምፅም የለም፣ የጎደለውን የምትሞላው በራስህ ፍርሃት ነው። ይሄ ደሞ ያንተ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የስነልቦና ተመራማሪው ጀስቲን ክሩገርና ባልደረቦቹ ሰዎችን ግማሹን የምር ግማሹን ስላቅ በኢሜይል አስፃፏቸው፣ ፀሃፊዎቹ ከ100ው 78 ያህሉን አንባቢው ይለየዋል ብለው ገመቱ፣ አንባቢው የለየው ግን 56 አካባቢ ነው፣ በድምፅ ሲሆን 73 ደረሰ። ስለዚ ደውልላት። ካሜራ ዳታ ከበላብህ ተወው፣ ድምፅ ይበቃል፣ ሩብ ሰአት ጠይቃትና «ኦኬ ስትይኝ አልቋል ማለት ነው ወይስ በኋላ ታይዋለሽ?» በላት፣ በቃ።

አንተስ እሷ ጋር እንዴት እንደምትታይ አስበኸዋል? መብራት ሲጠፋ ስላክ (የስራ ቻቱ) ላይ ያለችው አረንጓዴ ነጥብህ አብራ ትጠፋለች፣ ናይሮቢ ያለ ሰው ሳቢያን መብራት መሄዱን በምን ያውቃል? ከሰአት ደሞ ድሬ ያው ድሬ ናት፣ ሙቀቱ ሲበረታ በርጫው ሲደርስ ሰው ቢጠፋ እዚህ ማንም አይገርመውም፣ እዛ ግን ስራ ጥሎ ሄደ ነው ሚባለው። ሳትጠየቅ ቀድመህ «መብራት የለም፣ በሞባይል ዳታ ነኝ፣ በዚህ ሰአት እጨርሳለሁ» ብለህ ፃፍ። ሰአቱን ስትፅፍ ግን ኤኤም ፒኤሙን አትርሳ፣ ከናይሮቢ ጋር ሰአታችን አንድ ነው፣ እንደውም በስዋሂሊ ሲያወሩ ልክ እንደኛ ነው ሚቆጥሩት፣ በእንግሊዝኛ «ሚቲንግ በ3» ካሉህ ግን የኛ 9 ሰአት ነው፣ ጠዋት 3 ሰአት ገብተህ ብቻህን ስክሪን እንዳታይ።

እውነቱን ልንገርህ፣ ከኦኬዋ ይልቅ እኔን ያሳሰበኝ ከራስህ ቲም ውጪ ማንንም አላውቅም ያልከው ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2020 ሰራተኛው ሁሉ ቤቱ ሲገባ የአሜሪካ ሰራተኞቹን፣ ከ61,000 በላይ ናቸው፣ ግንኙነት አስጠንቶ ነበር፣ ሰዉ ከጋራ ስራ ጊዜው ከሌላ ክፍል ጋር ሚያሳልፈው ድርሻ በሩብ ያህል ቀንሶ ተገኘ፣ ሁሉም ወደራሱ ቡድን ተሰበሰበ። አስበው እስቲ፣ ነገ ሌላ ክፍል ውስጥ ቦታ ቢከፈት ስምህን ማን ያነሳልሃል? የሪፈንዱን ችግር የፈታልህ የፋይናንስ ልጅ አለ አላልክም? ለሱ ዛሬ ፃፍለት፣ ደንበኛው ምን እንዳለ ንገረውና እነሱ ጋር ስራው እንዴት እንደሚሄድ ጠይቀው፣ «ሃይ» ብለህ ብቻ ግን እንዳትጠብቅ፣ ጥያቄህን እዛው አያይዘህ ላክ።